ከርስቱ ጋር የሚወረስ አገልግሎት

ከአባት ወደ ልጅ ከሚተላለፈው ነገር ሁሉ መሬትና ገንዘብ ለመቍጠርና ለመስፈር የቀለሉ ናቸው፤ መሬቱና ገንዘቡ ለምን ዓላማ እንደ ተሰበሰቡ ግን፥ ሰብሳቢው በሕይወተ ሥጋ ሳለ በቃሉና በሥራው ካልገለጠውና በሚታመን መዝገብ ካላሰፈረው በቀር፥ ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። የሀገራችን የቀድሞ ዘመን ባለ ጸጎች፥ ነገሥታቱና እቴጌዎቹ፥ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ፥ እንዲሁም ስማቸው ከአንድ ደብር መዝገብ በቀር በሌላ ስፍራ ያልተጻፈላቸው ተራ ርስተኞች፥ ይህን ጭንቀት በሚገባ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ስለዚህም ሀብታቸውን ለዘራቸው በሚያወርሱበት ጊዜ የሚያምኑበትን ነገር አብሮ የሚያወርስ ሥርዓት ሠሩ፤ መሬቱን ከአገልግሎት ጋር፥ አገልግሎቱን ከምስክር ጋር፥ ምስክሩንም ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር አሰሩት። የዚህ ሥርዓት ታሪክ ሊረሳ አይገባውም ብዬ ስለማምን፥ ከሁሉ ይልቅ በጎላበት ስፍራ፥ እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ባቆሙት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ዙሪያ ልተርከው አስቤአለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አስቀድሞ ርስትና ጉልት የሚባሉትን ሁለቱን የመሬት ሥርዓቶች መለየት ያስፈልጋል። ርስት መሬቱን አስቀድሞ ካቀናው አባት ዘር በመወለድ የሚገኝ መብት ነበር፤ ይህም መብት በወንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን በሴት ልጅም በኩል ስለሚተላለፍ፥ አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም፥ በአያቶቹም በቅድመ አያቶቹም መስመር እየቈጠረ፥ እዚህ አንድ እርሻ፥ ከወንዝ ማዶ ሌላ እርሻ ድርሻዬ ነው ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ወንድና ሴትን ማስተካከሉ የሚያስመሰግነው ነው፤ ነገር ግን ትውልድ በጨመረ ቍጥር ድርሻው እየጠበበ፥ ሙግቱ እየበዛ፥ ዘመድ ዘመዱን በዳኛ ፊት እያቆመ የሚኖርበት ሥርዓት ነበር፤ ርስት የደም ምስክር እንጂ የዓላማ ምስክር አልነበረውምና። ጉልት ደግሞ ንጉሥ ለባለሟሉና ለሹሙ፥ ወይም ለገዳምና ለደብር የሚሰጠው፥ ከገበሬው የሚገባውን ግብር የመቀበል መብት ነው፤ ለሰው የተሰጠው ጉልት ብዙውን ጊዜ ከሹመት ጋር ይመጣል፥ ከሹመትም ጋር ይሄዳል፤ ንጉሥ ሲለወጥ ወይም ባለሟሉ ከፊት ሲታጣ ይነቀላል። እንግዲህ ባለ ጸጋው ከሁለት ችግር መካከል ቆሞ ነበር፤ ርስቱ ለዘሩ ይቆይለታል፥ ነገር ግን በመከፋፈል ይመነምናል፤ ጉልቱ ሰፊ ነው፥ ነገር ግን አይቆይም።

ሦስተኛው መንገድ የተገኘው በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። ደብር እንደ ሰው አይሞትም፥ እንደ ሹምም አይሻርም፤ ለደብር የተሰጠውን መሬት ሊነጥቅ የሚያስብ ንጉሥ ሠራዊት ቢኖረውም ውግዘቱን መፍራቱ አይቀርም። በጎንደር ዙሪያ ይህ መሬት ለካህናቱና ለደብተራዎቹ በተከፋፈለ ጊዜ ሪም ይባል ነበር፤ በሸዋ ደግሞ ባለ መሬቱ ተራው በደረሰበት ሳምንት በመቅደስና በማኅሌት ስለሚያገለግል የሰሞን መሬት ይሉታል። ሪም እንደ ርስት ለልጅና ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ይናዘዙበታል፤ ይሸጡታል፤ ነገር ግን አገልግሎቱን ሳይፈጽሙ መሬቱን መብላት አይፈቀድም ነበር። ወራሹ ሕፃን ወይም ሴት ቢሆን፥ ወይም ድምፁና ትምህርቱ ለማኅሌት የማይበቃ ሰው ቢሆን፥ በእርሱ ፈንታ የሚቆም ደብተራ ፈልጎ ድካሙን ከመሬቱ ፍሬ ይከፍለዋል። ስለዚህ ልጁ ከአባቱ የሚቀበለው ማሳ ብቻ አልነበረም፤ አባቱ ያከበረውን በዓል፥ አባቱ የወደደውን ታቦትና አባቱ በማኅሌቱ ውስጥ የቆመበትን ስፍራ አብሮ ይቀበል ነበር፤ ቢተወው ደግሞ ማሳው ራሱ ይወቅሰዋል፥ የደብሩም ማኅበር ይጠይቀዋል።

የልማዱ ዕድሜ ከጎንደር እጅግ ይቀድማል። በ13ኛው ምዕት ዓመት ንጉሥ ላሊበላ በሽመዛና ለሚገኘው ለደብረ ሊባኖስ የሰጠው መሬት በገዳሙ የወርቅ ወንጌል ላይ ተጽፎ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡ ነገሥታትና ሹማምንትም በዚያው መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ የየራሳቸውን ስጦታ ጨምረዋል። የመሬት ውል በቅዱስ ወንጌል ጠርዝና ቅጠል ላይ መጻፉ ለዛሬ ሰው እንግዳ ሊመስለው ይችላል፤ ለዚያ ዘመን ግን ከዚህ የተሻለ ማኅደር አልነበረም። ወንጌሉ በዕቃ ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚጠበቀው መጽሐፍ ነው፤ ባላጋራ ቢመጣ ካህናቱ ይዘውት የሚሸሹት እርሱን ነው፤ ሰው ሲምል እጁን የሚጭነው በእርሱ ላይ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ሐሰት መጻፍም ሆነ የተጻፈውን መፋቅ ከሌብነት አልፎ ከክሕደት ይቈጠራል። በውሉ መጨረሻ፥ ስጦታውን የሚያፈርስ ሁሉ በሥላሴ ስምና በሐዋርያት ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ይጻፋል፤ ይህ ቃል በዳኛና በወታደር የማይደረስበትን ዘመን፥ ማለትም ሰጪው ከሞተ በኋላ ያለውን ዘመን፥ ለመጠበቅ የተሠራ አጥር ነበር።

በጎንደር ዘመን ይህ አጻጻፍ እጅግ ሰፋ። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቈረቈሩ በኋላ በየዘመነ መንግሥቱ አዳዲስ አድባራት ስለ ተተከሉ፥ የስጦታውም፥ የሽያጩም፥ የውርሱም ጽሑፍ በየደብሩ እየበዛ ሄደ። ግእዙ ለውግዘቱና ለመግቢያው ቃል ሲቀር፥ የውሉ ዋና ነገር በአማርኛ ይጻፍ ጀመር፤ እንዲያውም በዚያ ዘመን የተራው ሰው አማርኛ ምን ይመስል እንደ ነበረ ለማወቅ የሚሻ ሊቅ ከእነዚህ ጠርዞች የሚበልጥ ምንጭ አያገኝም። ጸሐፊው ዘመኑን በወንጌላውያን ስም፥ ዘመነ ማቴዎስ ወይም ዘመነ ማርቆስ እያለ ይጠቅሳል፤ የዘመኑን ንጉሥና ራስ፥ የደብሩን አለቃና ገበዝ፥ መሪጌታውን ይጠራል፤ ከዚያም ሻጭና ገዥ፥ ተናዛዥና ወራሽ፥ ዋስና እማኝ በየስማቸው ይመጣሉ፤ ዋጋውም ቀድሞ በወቄት ወርቅ፥ ኋላም በብር ይነገራል። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ሴቶች ርስተኞች ሆነው፥ ሲገዙና ሲሸጡ፥ ሲሰጡና ሲናዘዙ በብዛት መገኘታቸውን ሳነብ፥ የሀገራችንን የቀድሞ ታሪክ በጦር ሜዳ ብቻ የምንተርክበት ልማድ ምን ያህል ታላቅ ክፍል እንዳስቀረብን ይታየኛል።

አሁን ወደ እቴጌይቱ እንመለስ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ የሆነው፥ ከቋራ ወገን የተወለዱት ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1723 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበረ፥ እናቲቱ ራሳቸው ዘውድ ጭነው ብርሃን ሞገሳ ተብለው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። ሥልጣናቸው ግን ያለ ፈተና የጸና አልነበረም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዐመፅ ተነሥቶ በጎንደር ቤተ መንግሥት ተከበው ነበር፤ ወንድማቸው ወልደ ልዑልና የቋራ ዘመዶቻቸው ባይጸኑላቸው ኖሮ እናትና ልጅ በአንድ ቀን በጠፉ ነበር። ይህን ያሳለፈች እናት ከከተማዋ ምዕራብ በተራራው ግርጌ አዲስ ቤተ መንግሥትና ከጎኑ ቤተ ክርስቲያን ስታንጽ፥ ለታቦቷ የመረጠችው ስም ቁስቋም ነበር፤ ቁስቋም እመቤታችን ሕፃን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ ያረፈችበት የግብጽ ደብር ነውና። እቴጌይቱ ይህን ስም ሲመርጡ የራሳቸውን ፍርሃትና የራሳቸውን ተስፋ ለዘለዓለም እንደ ጻፉበት አልጠራጠርም፤ ሌላ ታቦት ሊያስገቡ በቻሉ ነበር፤ ያስገቡት ግን ሕፃን ንጉሥ ያቀፈችውን የስደተኛዪቱን እናት ታቦት ነው።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በዘመኑ ጎንደር ከነበሩት አድባራት በጌጥና በሀብት ከፊተኞቹ የምትቈጠር ነበረች። እቴጌይቱ ለደብሩ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት፥ ልብሰ ተክህኖና መጋረጃ በመስጠት አልበቃቸውም፤ ካህናቱ፥ መዘምራኑና ሊቃውንቱ ከትውልድ እስከ ትውልድ የሚኖሩበትን መሬት በየአውራጃው መደቡላቸው፤ ምደባውም በስም በስሙ ተጻፈ። እኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ የማደንቀው ይህን ነው። የግንቡ ውበት የሠራተኛውንና የዘመኑን ጥበብ ይመሰክራል፤ የመሬቱ ምደባ ግን ሰጪዋ ከሞቱ በኋላ ምን እንዲሆን እንደ ተመኙ ይናገራል፤ በዓል እንዲከበር፥ በጽጌ ሌሊቶች ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ማኅሌቱ እንዲቆም፥ በኅዳር 6 ቀን በዓለ ንግሡ እንዲውል፥ ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር እንዳይነሣ። በጣና ሐይቅ ውስጥ በደቅ ደሴት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ገዳምም በዚያው መንፈስ የተሠራ ነው፤ በዚያ ባለው ሥዕል እቴጌይቱ ዘውዳቸውን የጫኑ ንግሥት መሆናቸው ሳይደበቅ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

ይሁን እንጂ ስለ እነዚህ ስጦታዎች ስንናገር ለእውነት ስንል የገበሬውን ነገር መዝለል አይገባንም። ለደብር የተመደበው መሬት ባዶ መሬት አልነበረም፤ ቀድሞ ያቀኑት አባቶች ልጆች የሚያርሱት፥ ርስታችን ነው የሚሉት መሬት ነበር፤ በንጉሥ ቃል ለካህናት ሲተከል የቀደሙት ባለ ርስቶች ወይ ድርሻቸው ጠበበ፥ ወይ ግብር ከፋይ ሆኑ። የእቴጌይቱ እምነት እውነተኛ ነበር፤ የገበሬው ኪሳራም እውነተኛ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ከሌላው ሰው ድርሻ ላይ ቈርሶ የተሰጠ ምጽዋት በሰጪው ዘንድ ጽድቅ ሲባል በተቀባዩ ዘንድ በረከት ሲባል፥ በዝምታ የከፈለውም ሦስተኛ ሰው በመዝገቡ ውስጥ ሊጻፍ ይገባው ነበር፤ የጎንደር ጸሐፊዎች ይህን ሰው እምብዛም አልጻፉትም።

የምንትዋብ ቤተሰብ ዓለማዊ ሥልጣን ዕድሜው አጭር ሆነ። ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ ኢዮአስ በነገሡ ጊዜ በእናታቸው በኩል ባሉት በወሎ ዘመዶቻቸውና በአያታቸው በኩል ባሉት በቋራ ወገኖች መካከል ሽኩቻ ተነሣ፤ ይህን ሽኩቻ ሊያበርዱ ከትግሬ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ንጉሡን አስገደሏቸው። እቴጌይቱ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ቀብረው በቁስቋም ግቢያቸው ተቀመጡ፤ እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በደረሰ ጊዜ በዚያ ግቢ ውስጥ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተሰቡን ልጆች አስታሟል፤ ከልጃቸው ከወይዘሮ አስቴርም ጋር ተዋውቋል። በ1765 ዓ.ም. እቴጌይቱ ባረፉ ጊዜ የቋራ ወገን በቤተ መንግሥት የነበረው ኀይል ሁሉ ተበትኖ ነበር፤ ወንድሞቻቸው የያዙት ሹመት ለሌሎች ተላልፎ ነበር፤ የሰበሰቡት ወርቅና ሐር የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። የቁስቋም መዝገብ ግን አልተዘጋም። በዘመነ መሳፍንት ራሶች በየተራ እየተነሡ ሲወድቁ፥ በዚያ ደብር ሪም እየተሸጠ፥ እየተወረሰ፥ እየተናዘዙበት፥ የካህናቱ ስም ከአባት ወደ ልጅ፥ ከእናትም ወደ ልጅ እየተላለፈ ይጻፍ ነበር። እቴጌይቱ በወንድሞቻቸው ጦር ላይ ያኖሩት ተስፋ በሕይወታቸው ሳሉ ፈረሰ፤ በመሬትና በማኅሌት ላይ ያኖሩት ተስፋ ግን ከሞታቸው በኋላ ሁለት ምዕት ዓመት ቆየ።

የነገሥታቱ ምሳሌነት ወደ ተራው ሰው የወረደው በኑዛዜ በኩል ነው። ከግብጽ የመጣውና ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ራሳቸውን የቻሉ አንቀጾች አሉት፤ ነገር ግን ሕጉን በሕዝቡ ልብ ያሳደረው መጽሐፉ ሳይሆን የነፍስ አባቱ ነበር። ሰው ሞቱ እንደ ቀረበ ባወቀ ጊዜ የነፍስ አባቱን ያስጠራል፤ ጎረቤትና ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ በሽተኛው አስቀድሞ ኃጢአቱን ለብቻው ተናዝዞ፥ ከዚያ በኋላ በሁሉ ፊት ስለ ንብረቱ ይናገራል። ኃጢአትን መናዘዝና ንብረትን መናዘዝ በአንድ አልጋ አጠገብ፥ በአንድ ካህን ፊት መደረጋቸው የሥርዓቱ ምሥጢር ነበር፤ ሰውየው ምን እንዳለው ከመናገሩ በፊት ምን እንዳደረገ ይጠየቃልና። ዕዳውን ይናገራል፤ የቀማውን ይመልሳል፤ ለደብሩ፥ ለድሆች፥ ለተዝካሩ የሚሆነውን ይለያል፤ ለሰልስቱ፥ ለሰባቱ፥ ለአርባው፥ ለሰማንያው፥ ለመንፈቁና ለሙት ዓመቱ በሬውንና እህሉን ይመድባል፤ የቀረውን ለልጆቹ ያካፍላል፤ ከሁሉ በላይ የቤቱ ባሮች ነፃ እንዲወጡ የሚናገርበት ጊዜ ነበር። ሰውን እንደ ንብረት መቍጠር ምን ያህል ከባድ በደል እንደ ሆነ በሕይወት ሳሉ ያልተሰማቸው፥ በሞት አፋፍ ላይ ሲሰማቸው ማየት ያሳዝናል፤ ቢሆንም የኑዛዜው ሥርዓት ይህን የልብ መለወጥ በምስክር ፊት ስላወጣው፥ ወራሹ ሊሽረው ሲፈልግ ካህኑና ሽማግሌው ይቆሙበት ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጆች የነበራቸውን ስፍራ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኑዛዜው በስውር ተጽፎ ከሞት በኋላ የሚገለጥ ወረቀት አልነበረም፤ ልጆቹ በአባታቸው አልጋ ዙሪያ ቆመው፥ ታላቁ ለምን ወንጌሉን እንደ ወረሰ፥ ታናሹ ለምን የመስኖውን መሬት እንዳገኘ፥ ሴቲቱ ልጅ ለምን የሪሙን ድርሻ እንደ ተቀበለችና የሚያገለግልላት ደብተራ ማን እንደ ሆነ በጆሮአቸው ይሰሙ ነበር። ቅር የተሰኘ ልጅ ቅሬታውን በዚያው ለመናገር ጊዜ ነበረው፤ ሽማግሌዎቹ ያስታርቃሉ፤ አባትየውም ምክንያቱን ይናገራል። የአባት ቃል በልጅ ልብ ውስጥ ሲጸና ያየሁት በተነገረበት ስፍራ እንጂ በታተመበት ስፍራ አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ልማድ ከሥርዓቱ ሁሉ እጅግ ጥበብ የሞላበት ክፍል አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

ከዘመነ መሳፍንት በኋላ የመጡት ዘመናት በቁስቋምና በእኅቶቿ አድባራት ላይ ከባድ ሆኑ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊታቸውን የሚመግቡበት ሀብት ሲሹ የካህናቱ ብዛትና የመሬታቸው ስፋት ከዐይናቸው አልጠፋም፤ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ ብለው ትርፉን መሬት ለመንግሥት ለማድረግ መነሣታቸው ከካህናቱ ጋር ካጣሏቸው ነገሮች ዋናው ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስበዘበዙ፤ ከአድባራቱ የተሰበሰቡት መጻሕፍት ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ ደግሞ 350 የሚያህሉት ተመርጠው ወደ ለንደን ተወሰዱ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው አድባራቱን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ተቃጠለች። ንጉሡ በገዛ ወገኑ ላይ፥ ባዕድም በሀገሪቱ ላይ ካደረሱት ከዚህ ጥፋት በኋላ ደብሩ እንደ ገና መነሣቱ ከግንቡ ጽናት የመጣ አይደለም፤ ግንቡ ፈርሶ ነበርና። መሬታቸው አገልግሎት የሚጠይቃቸው ባለ ሪሞች ስለ ነበሩ፥ አገልግሎቱም ሕንጻ ይሻ ስለ ነበር ይመስለኛል። የእቴጌይቱ፥ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም እስከ ዛሬ በዚያው ግቢ ተጠብቆ ይገኛል።

ይህ ልማድ ከሀገር ውጭም መንገድ አገኘ። በኢየሩሳሌም በዴር ሡልጣን ገዳም የሚኖሩት መነኮሳቶቻችን በ19ኛው ምዕት ዓመት ቋሚ ገቢ ያልነበራቸው፥ የዕለት ምግባቸውን ከአርመኖች የሚጠብቁ ስደተኞች ነበሩ፤ ከሀገር የሚላክላቸው ወርቅና ብር ሲደርስ ይበላል፥ ሲያልቅ ይራባሉ። ዐፄ ዮሐንስ ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ መሬት ተገዝቶ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እንዲታነጽ አደረጉ፤ ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ፍጻሜውን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ እቴጌ ጣይቱ፥ ንግሥት ዘውዲቱና ብዙ መኳንንትና ወይዛዝርት በዚያ ከተማ ቤት እየገዙና እያሠሩ ለገዳሙ ሰጡ፤ ስጦታው የሚበላ ገንዘብ ሳይሆን የሚከራይ ቤት ስለ ሆነ፥ ከኪራዩ መነኮሳቱ ይመገባሉ፥ መብራቱም ይበራል። በነቢያት ጎዳና ያለው፥ የይሁዳ አንበሳ በፊቱ የተሣለበት የንግሥት ዘውዲቱ ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። የጎንደር ባለ ሪም በማሳ ያደረገውን የአዲስ አበባ ወይዘሮ በኢየሩሳሌም ቤት አደረገችው፤ የማሳውን ስፍራ ቤት ተካው፥ የእህሉን ስፍራ ኪራይ ተካው፥ ግዴታው ግን ያው ነበር።

በ20ኛው ምዕት ዓመት ባለ ጸጋው የሚያስብበት ነገር ከመቅደስ ወደ ትምህርት ቤት አደላ። ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፥ ከንግሥናቸውም በኋላ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥታቸውን በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ መስጠታቸው የዚህ ለውጥ ታላላቅ ምልክቶች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ጥንታዊውን ኑዛዜ በአዲስ መልክ አቆመው፤ በግልጽ የሚደረገውን፥ ተናዛዡ ሁሉን በገዛ እጁ የሚጽፈውን፥ በቃልም የሚነገረውን ኑዛዜ ለይቶ ደነገገ፤ በግልጽ ለሚደረገው አራት ምስክሮች እንዲኖሩ ወሰነ፤ ልጁን ከውርስ ለመንቀል የሚሻ አባት ምክንያቱን በኑዛዜው እንዲገልጥ አዘዘ፤ ተናዛዡም በሚያወርሰው ንብረት ላይ ግዴታ እንዲጥል ፈቀደለት። ከዚህ ሕግ ውስጥ ምክንያትን እንዲገልጥ አባትን የሚያስገድደው ድንጋጌ በተለይ ደስ ይለኛል፤ በነፍስ አባቱ ፊት በአልጋ ዙሪያ ይደረግ የነበረውን ንግግር ወደ ጽሑፍ ያሻገረው እርሱ ነውና።

ከ15 ዓመት በኋላ ግን የመሬቱ ሥርዓት ከሥሩ ተነቀለ። የየካቲቱ አዋጅ፥ ቍጥር 31/1967፥ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ፥ ቍጥር 47/1967፥ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወሰደ። ርስትም፥ ጉልትም፥ ሪምም፥ ሰሞንም በአንድ ቀን የታሪክ ቃላት ሆኑ። ለብዙ ምዕት ዓመታት ግብር ሲከፍል የኖረው ጭሰኛና ገበሬ እፎይ ማለቱ የተገባ ነበር፤ እኔም በዚህ አላዝንም። በኢየሩሳሌም ያሉት ቤቶች ከአዋጁ ክልል ውጭ ስለ ነበሩ ኪራያቸው ለገዳሙ ቀጠለ። በጎንደር ደግሞ መሬቱ ከተወሰደ በኋላ ምን እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ የቁስቋም ካህናት የሚበሉት ማሳ አልቀረላቸውም፥ ማኅሌቱ ግን አልተቋረጠም፤ የኅዳር 6 በዓል በምእመናን አሥራትና ስእለት መከበሩን ቀጠለ። በመሬቱ ላይ የተጫነው አገልግሎት መሬቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል ብለው ያሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ አልሄደም፤ ከሁለት ምዕት ዓመት በላይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወረስ ኖሮ የሰዎቹ ራሳቸው ሆኖ ነበርና።

የደብሮቻችን የጠርዝ ጽሑፎች ዛሬ ከመሬት ሕግ የተለዩ፥ በማንም ችሎት የማይጠቀሱ ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ ሰዎች ዋጋ የሌላቸው ይመስሏቸዋል። በ1966 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ብዙ ሺሕ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቶ ጠብቋል፤ ከጎንደር አድባራት መዛግብትም ከፊሉ በታሪክ ሊቃውንት ተቀድቷል፤ ነገር ግን በየገጠሩ ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ በእርጥበትና በምስጥ የሚጠፋው አሁንም ብዙ ነው። የአያቱን ርስት ታሪክ የሚጠይቅ ሰው፥ በሀገር ቤትም ሆነ በባሕር ማዶ ያለ፥ አያቱ ያገለገሉበትን ደብር ስም ለይቶ፥ ገበዙን አስፈቅዶ፥ ያንን ቅጠል በንጹሕ እጅና በመልካም ብርሃን ፎቶ ቢያነሣ፥ ምን እንደ ተሰጣቸው፥ በማን ፊት እንደ ተሰጣቸውና ስለ የትኛው በዓል አገልግሎት እንደ ተሰጣቸው በአንድ ገጽ ላይ ያገኘዋል።